ቀለሙ ሳይቀባ፣ ልስኑ ሳይወርድ፦ ስለ አሮጌ ፋብሪካ ፎቶ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከጎጃም ከተሞች የደረሱን ጥያቄዎች በአንድ ጉዳይ ላይ ስለተገናኙ የዚህን ወር ዓምድ ለእሱ ሰጥተነዋል። ሥራ ያቆሙ ወፍጮ ቤቶች፣ ዘይት መጭመቂያዎችና መጋዘኖች እየታደሱ ነው። እድሳቱ ከመጀመሩ በፊት ያለው ጊዜ አጭር ነው፤ አንዴ ካለፈ ደግሞ በገንዘብ አይመለስም።

ማኅበራችን ለብዙ ዓመት ተዘግቶ የቆየ ዘይት መጭመቂያና ወፍጮ ቤት ተረክቧል። መሐንዲሱ «ሥራ ሳይጀመር ሙሉ ፎቶ አንሡልኝ» ስላለን አንሥተን ሰጠነው። «ይህ የት እንደሆነ፣ ስንት ሜትር እንደሆነ አላውቅም» ብሎ መለሰልን። ምን እናድርግ?
— የማኅበር ጸሐፊ፣ ከደብረ ማርቆስ

መሐንዲሱ ልክ ነው። ቦታውና ልኩ የማይታወቅ ፎቶ ለእድሳት ሥራ ግማሽ ማስረጃ ነው። ስለዚህ ከካሜራው በፊት ወረቀት ያዙ። የእያንዳንዱን ወለል ንድፍ በእጃችሁ በኤ3 ወረቀት ላይ ሣሉ፤ በሮችና መስኮቶች በየቦታቸው ይግቡ እንጂ በልክ ባይሆንም ግድ የለም። ክፍሎቹን 01፣ 02፣ 03 እያላችሁ ቁጥር ስጡ። ግድግዳዎቹን በአቅጣጫ ሰይሙ፦ ሰሜን ሀ፣ ምሥራቅ ለ፣ ደቡብ ሐ፣ ምዕራብ መ። «04-ሐ» ሲባል የአራተኛው ክፍል ደቡብ ግድግዳ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ፎቶ ባነሣችሁ ቁጥር የቆማችሁበትን ነጥብና የካሜራውን አቅጣጫ በቀስት ንድፉ ላይ አስፍሩ።

ወደ አንድ ክፍል ስትገቡ መጀመሪያ የክፍሉን ቁጥር በጠመኔ የጻፋችሁበትን ትንሽ ሰሌዳ አንሡ። እስከሚቀጥለው ሰሌዳ ድረስ ያሉት ፎቶዎች የዚያ ክፍል ናቸው። ቀጥሎ ከአራቱ ማዕዘኖች ወደ ተቃራኒው ማዕዘን፣ ከዚያ አራቱን ግድግዳዎች ፊት ለፊት፣ ከዚያ ጣሪያውን ወይም ኮርኒሱን፣ በመጨረሻ ወለሉን። ለአንድ መካከለኛ ክፍል ይህ 10 ፎቶ ገደማ ነው። ዝርዝሮች (የበር ማጠፊያ፣ የካፕሪያታ መገጣጠሚያ፣ አሸንዳ፣ የኤሌክትሪክ ሰሌዳ) ከዚህ በኋላ ይመጣሉ። ብዙ ሰው ከዝርዝሩ ስለሚጀምር ነው መጨረሻ ላይ የማን እንደሆነ የማይታወቅ የዛገ ብሎን የሚተርፈው።

ልክን በተመለከተ 1 ሜትር የእንጨት ዘንግ በየ20 ሴንቲ ሜትሩ ጥቁርና ነጭ ቀቡ። ዘንጉ የሚለካውን ነገር ተደግፎ ይቁም። ከግድግዳው አንድ ሜትር ፈቅ ብሎ ከቆመ ለካሜራው ስለሚቀርብ ትልቅ ሆኖ ይታያል፣ በእሱ የተሰላው ልክም ሁሉ ይሳሳታል። ካሜራውን ወደ ላይ አታዘንብሉ፤ ግድግዳው ወደ ኋላ የወደቀ ይመስላል፣ በቱንቢ ያልቆመ ግድግዳ ከተስተካከለው አይለይም። ሕንፃው አልገባ ካለ ወደ ኋላ ሂዱ፤ ካልሆነም ከፊት ለፊት ካለ ፎቅ ወይም ከፍታ ላይ ሆናችሁ አንሡ።

ረጅም ግድግዳ በአንድ ፎቶ አይያዝም። ባለ ሙሉ ፍሬም ካሜራ (የብርሃን መቀበያው 36 ሚ.ሜ. ስፋት ያለው) በ24 ሚ.ሜ. ሌንስ ከ10 ሜትር ርቀት 15 ሜትር ስፋት ይይዛል። ተከታታይ ፎቶዎች 60 በመቶ እንዲደራረቡ ከፈለጋችሁ በየ6 ሜትሩ እየቆማችሁ አንሡ፤ ለ40 ሜትር ግድግዳ ቢያንስ 6 ፎቶ ማለት ነው። በሁለቱ ጫፎች አንዳንድ ብትጨምሩ ኮምፒውተር ላይ ለመገጣጠም ይቀላል። ከግድግዳው ያላችሁ ርቀት እንዳይለዋወጥ መሬት ላይ ገመድ ዘርጉና በእሱ ሂዱ።

ይህ ፎቶ ግን ስንጥቅ አያሳይም። ስፋቱ 6000 ፒክሴል ከሆነ ለ15 ሜትር ሲከፋፈል አንዱ ፒክሴል 2.5 ሚ.ሜ. ይሸፍናል፣ የ1 ሚ.ሜ. ስንጥቅ አይኖርም ማለት ነው። ስንጥቅን በ50 ሚ.ሜ. ሌንስ ከ1 ሜትር ብታነሡት አንዱ ፒክሴል 0.12 ሚ.ሜ. ይሆናል። ለእያንዳንዱ ስንጥቅ ሦስት ፎቶ ይበቃል፦ ሙሉው ግድግዳ፣ አካባቢው፣ ከዚያም ማስመሪያ ጎኑ ተደግፎ ቅርቡ። የስንጥቁን ሁለት ጫፎች በአጭር የእርሳስ መስመር አቋርጡና ቀኑን ጻፉ። ቁፋሮ ሲጀመር ስንጥቁ ከመስመሩ ካለፈ እድሳቱ ሕንፃውን እየነካው ነው፤ ካላለፈ ስንጥቁ የቆየ ነው። ከሥራ ተቋራጭ ጋር የሚነሣው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

አንድ ነገር አደራ እንላለን፦ ከመጥረጋችሁ በፊት አንሡ፣ ከጠረጋችሁ በኋላም ድገሙት። ወለሉ ላይ በዘይት ጥቁረት መሐል ንጹሕ አራት ማዕዘን ካያችሁ መጭመቂያው የቆመበት ነው። ከሲሚንቶው የወጡት ብሎኖች የማሽኑን መሠረት ያሳያሉ። ጣሪያው ሥር በአንድ መስመር የተደረደሩ የብረት ማንጠልጠያዎች ፑሌጃና ቺንጋ ኃይሉን ከሞተሩ ወደ ወፍጮዎቹ የወሰዱበትን መንገድ ይነግራሉ። ማሽኖቹ ተሽጠው ቢሄዱ እንኳ የፋብሪካው አሠራር ወለሉና ጣሪያው ላይ ተጽፎ ቀርቷል፤ የመጀመሪያው ቀን የጽዳት ሠራተኛ ግን ሳያውቅ ሊያጠፋው ይችላል።

አዳራሹ ውስጥ ሳነሣ መስኮቱ ነጭ ሆኖ ይጠፋል፣ ለመስኮቱ ሳስተካክል ውስጡ ይጨልማል። ፍላሽ ስጠቀም ደግሞ ፎቶው በነጫጭ ነጠብጣብ ይሞላል።
— ፎቶ አንሺ፣ ከባሕር ዳር

ነጠብጣቡ አቧራ ነው። ከሌንሱ አጠገብ የሚወጣ ፍላሽ በአየር ላይ ያለውን ብናኝ መትቶ ብርሃኑን ወደ ካሜራው ይመልሰዋል። ፍላሹን አጥፍተው ትራይፖድ ይጠቀሙ።

ካሜራውን በማንዋል ያድርጉት፤ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) ኤፍ 8። ትኩረቱን አንዴ ካስተካከሉ በኋላ ቆልፉት። የቀለም ሚዛኑን በራስ-ሰር አይተዉት፤ «ዴይላይት» ላይ ያቁሙት። ከዚያ የሹተሩን ፍጥነት ብቻ እየለወጡ አምስት ፎቶ ያንሡ፣ ለምሳሌ 1/125፣ 1/30፣ 1/8፣ 1/2፣ 2 ሰከንድ። እነዚህ በኋላ በኮምፒውተር ተዋሕደው መስኮቱም ውስጡም የሚታይበት አንድ ፎቶ ይሆናሉ። አፐርቸሩን ከለወጡ የጥራቱ ጥልቀት አብሮ ስለሚለወጥ ፎቶዎቹ ሲዋሐዱ አይገጥሙም። የ2 ሰከንድ ሰዓት ቆጣሪ ይጠቀሙ፣ ሌንሱ መንቀጥቀጥ መከላከያ ካለው ትራይፖድ ላይ ሲሆን ያጥፉት። ወለሉ እንጨት ከሆነ እስኪጨርሱ ማንም አይራመድ።

በእነዚህ አዳራሾች ትልቁ ችግር የቀለም መዛባት ነው። ጣሪያው ላይ የተገጠመው ብርሃን አስገቢ ፕላስቲክ በዕድሜ ቢጫ ሆኗል፣ የግድግዳው አረንጓዴ ቀለም ደግሞ ሁሉንም ነገር ወደ አረንጓዴ ይስበዋል። በየክፍሉ አንድ ፎቶ ላይ ግራጫ ካርድ አስገብተው ያንሡና በራው ፋይሉ (ካሜራው ሳያሻሽል በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) ላይ ቀለሙን በእሱ ያስተካክሉ። አዳሹ የመጀመሪያውን የግድግዳ ቀለም መልሶ መቀባት ቢፈልግ የሚተማመነው በዚህ ነው።

ፎቶዎቹን ሲያዋሕዱ እጅዎን ይያዙ። ዝርዝሩን የሚያጎላውን መቆጣጠሪያ እስከ ጥግ የጎተቱ ሰዎች ሥራ በየማኅበራዊ ገጹ ይታያል፤ ተራ የእርጥበት እድፍ ጥልቅ ስንጥቅ ይመስላል፣ ዝገቱ ብርቱካናማ ሆኖ ይጮኻል። ለማስረጃ የሚሆን ፎቶ ግድግዳውን ካለበት በላይ ሊያስረጀው አይገባም። እጅግ ሰፊ ሌንስም እንዲሁ ያታልላል፤ ከ20 ሚ.ሜ. በታች ሲሆን ጠርዝ ላይ ያሉ ምሰሶዎች ይወፍራሉ፣ ክፍሉ ከእውነተኛው ይረዝማል። በሰፊው አንድ አጠቃላይ ፎቶ ያንሡ፣ ዋናውን ሥራ ግን በ24 እስከ 50 ሚ.ሜ. ይሥሩት።

ብርሃን ፈጽሞ ለማይደርስበት ምድር ቤት ሹተሩን 30 ሰከንድ ከፍተው በእጅ ባትሪ ግድግዳውን ማብራት ይቻላል። ባትሪው ሳያቋርጥ ይንቀሳቀስ፣ ወደ ካሜራው አይዙር። የሚነድ የብረት ሱፍ እያሽከረከሩ የእሳት ክበብ መሥራት ግን በፍጹም አይሞከር። የዘይት መጭመቂያ ወለል ዘይት ጠጥቷል፣ የጨርቃ ጨርቅ አዳራሽ በየጥጉ የጥጥ ብናኝ አለው፣ በአየር ላይ የተበተነ የዱቄት ብናኝ ደግሞ ይፈነዳል።

በግድግዳው ላይ የደበዘዘ ጽሑፍ፣ በሞተሩ ላይ ደግሞ የዛገ የስም ሰሌዳ አለ። በውሃና በሽቦ ብሩሽ ላጽዳው ወይ?
— ከቡሬ

አያጽዱት። የሽቦ ብሩሽ የተቀረጸውን ፊደል ከዝገቱ ጋር ይልጠዋል። ውሃ የድሮውን የኖራ ቀለም ያሟሟዋል፣ ውሃ የነካው ቦታም እንደ እድፍ ይቀራል። ዱቄት ወይም ጠመኔ መቀባትም አይመከርም፤ ከዝገቱ ውስጥ አይወጣም።

ሰሌዳውን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ አቧራውን ብቻ ያንሡለት። ክፍሉን አጨልመው ባትሪውን ከጎን፣ ከሰሌዳው ገጽ ጋር 10 ወይም 15 ዲግሪ በሚሆን ማዕዘን ያብሩ። የተቀረጸው ሁሉ ጥላ ይጥልና ይነበባል። ከአራቱም ጎን አንዳንድ ፎቶ ያንሡ፤ ከግራ ሲበራ የጠፋ ቁጥር ከላይ ሲበራ ይወጣል። በቀለም የተጻፈ ጽሑፍ ግን በጎን ብርሃን አይጠቀምም፤ ለስላሳ፣ ወጥ ብርሃን ይፈልጋል። ቀለሙ የሚያብረቀርቅ ከሆነ ነጸብራቅ የሚቀንስ ፖላራይዘር ማጣሪያ ይግጠሙ። ራው ፋይሉን ወደ ጥቁርና ነጭ ሲለውጡ ሰማያዊውን፣ ቀዩን፣ አረንጓዴውን በየተራ ይሞክሩ፤ ለዓይን የጠፋ ቀይ ፊደል በአረንጓዴው ቻናል ጠቁሮ ይታያል።

ድካሙ የሚያስቆጭ አይደለም። የሞተሩ ሰሌዳ ሠሪውን፣ አገሩን፣ የፈረስ ጉልበቱን፣ አንዳንዴም ዓመቱን ይይዛል፤ ፋብሪካው በማን ገንዘብና ከየት በመጣ መሣሪያ እንደቆመ የሚነግር ሌላ ሰነድ ላይኖር ይችላል። ስለ ባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከጣሊያን የጦር ካሳ መቋቋሙ ተመዝግቦ ይታወቃል። የአንድ ወረዳ ከተማ ወፍጮ ቤት ታሪክ ግን ብዙ ጊዜ ያለው በዚያ ሰሌዳ ላይ ብቻ ነው።

የመጋዘኑ ዋና ፊት ወደ ሰሜን ነው። ጥር ላይ ሙሉ ቀን ጠብቄ ፀሐይ አልነካውም። መቼ ልመለስ?
— ከሞጣ

ጥር ላይ ዓመት ቢጠብቁም አይነካውም። ጎጃም ከምድር ወገብ በስተሰሜን ከ10 እስከ 12 ዲግሪ መካከል ስለሆነ በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ፀሐይ በደቡብ በኩል ወጥታ በደቡብ በኩል ትገባለች። በእነዚህ ወራት ደቡብ ግድግዳ ቀኑን ሙሉ ይበራል። በቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን የምታልፈው በግምት ከሚያዝያ ሁለተኛ ሳምንት እስከ ነሐሴ ሦስተኛ ሳምንት ነው። በዚያን ጊዜም ከአናት ስለምትወርድ ግድግዳውን ከላይ ወደ ታች ትልሰዋለች፤ እያንዳንዷ የልስን ጉብታ ረጅም ጥላ ትጥላለች። የተነፋ ልስን ለማሳየት ይህ ግሩም ነው፣ ለአጠቃላይ ፎቶ ግን አይሆንም።

ለሰሜን ፊት የተሻለው ደመና ነው። ጀርመናውያኑ ባልና ሚስት በርንት እና ሂላ ቤሸር በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1959 ጀምሮ የውሃ ማማዎችንና የብረት ማቅለጫዎችን ሲያነሡ ደመናማ ሰማይ ይመርጡ ነበር፤ ፊት ለፊት፣ ያለ ጥላ፣ ሁሉም ክፍል እኩል እንዲታይ። እኛ ዘንድ ይህን ብርሃን ክረምት በነፃ ይሰጣል። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ጋብ ባለበት ሰዓት ይሂዱ። ሰማዩ ነጭ ሆኖ ካሜራውን እንዳያታልለው ግን ብርሃኑን በግድግዳው ላይ ይለኩ።

ክረምት ሌላም ጥቅም አለው። የሚያፈስ ጣሪያ፣ የተዘጋ አሸንዳ፣ ከመሬት ወደ ግድግዳ የሚወጣ እርጥበት በበጋ አይታዩም። ዝናብ እየዘነበ ከውስጥ የተነሡ ጥቂት ፎቶዎች ለጣሪያ ሠሪው ከብዙ ማብራሪያ ይበልጣሉ። መስከረም ላይ አየሩ ጥርት ይላል፣ ነገር ግን ሣሩና ቁጥቋጦው መሠረቱን ይሸፍነዋል። ለመሠረትና ለግቢ ኅዳርን ይጠብቁ። የካቲትና መጋቢት አቧራና ጭጋግ ስላለባቸው ለሩቅ ፎቶ አይመቹም።

ያለኝ ስልክ ብቻ ነው። ይበቃል?
— ወጣት አንባቢ፣ ከፍኖተ ሰላም

በሚገባ ይበቃል፣ ስልኩ እንዳይንቀሳቀስ ካደረጉት። የስልክ መያዣ ያለው ትንሽ ትራይፖድ ይፈልጉ። ሌንሱን በንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ከኪስ የወጣ ቅባት መስኮቶቹን ጭጋግ ያለብሳቸዋል። በዋናው ሌንስ ያንሡ፤ ባለ 0.5 ሰፊው ጠርዙን ያጣምማል፣ በጨለማም ጥራቱ ይወርዳል። በጣት ከፍቶ ማቅረብ የለም፤ በእግር ይቅረቡ። ፓኖራማ ቀጥ ያለውን ግድግዳ ስለሚያጎብጥ ለልክ አይሆንም። የቦታ መረጃውን ያብሩ።

ፎቶውን በቴሌግራም ሲልኩ «ፋይል» በሚለው ይላኩ። እንደ ተራ ፎቶ ከላኩት መጠኑ ይቀንሳል፣ የተነሣበት ቀንና ቦታም ይጠፋል።

ጣሪያው አሮጌ ኢተርኒት ነው፣ ውስጡ የሌሊት ወፍ ሞልቶበታል። ከምን ልጠንቀቅ?
— የምህንድስና ተማሪ፣ ከደብረ ማርቆስ

አሮጌ ኢተርኒት (ከሲሚንቶ የተሠራ የጣሪያ ሉህ) በላቦራቶሪ እስኪመረመር ድረስ አስቤስቶስ እንዳለው ይቆጠር። ሳይነካ ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ ሲሰበር፣ ሲቆረጥ ወይም ስብርባሪው በደረቁ ሲጠረግ ግን በዓይን የማይታይ ቃጫ መሰል ጭረት ወደ አየር ይወጣል፣ ሳንባ ውስጥ ገብቶም ከብዙ ዓመት በኋላ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። ስብርባሪ ባለበት አይርገጡ፣ ለፎቶ ብለው ወደ ጎን አይግፉት። የሕክምና ጭምብል አይከላከልም፤ ኤፍኤፍፒ3 ወይም ፒ100 ማጣሪያ ያስፈልጋል፣ ፂም ካለ ደግሞ ፊት ላይ አይገጥምም። የሌሊት ወፍ ኩስም በደረቁ ሲረገጥ የፈንገስ ዘር ከአቧራው ጋር ይነሣል፤ ያው ማጣሪያ ይሠራል።

ጣሪያው ላይ በፍጹም አይውጡ። ኢተርኒትም ሆነ በፀሐይ የደረቀ ፕላስቲክ የሰው ክብደት አይሸከምም፣ ሲሰበርም አያስጠነቅቅም።

ወለሉ ላይ ዋናው አደጋ ጉድጓድ ነው፦ የማሽን መሠረት፣ የዘይት ማጠራቀሚያ፣ የማመላለሻ ቦይ። ክዳኑ ብረት ስለሆነ ተወስዶ ይሆናል፣ ጉድጓዱን ገለባና አቧራ ሸፍኖታል። በካሜራ እያዩ ወደ ኋላ አይራመዱ። ረጅም ዱላ ይዘው ወለሉን ቀድመው ይንኩ። እህል የነበረበት ሲሎ ወይም የተዘጋ ታንከር ውስጥ አይግቡ፣ አንገትም አያስገቡ፤ ኦክስጅን ላይኖረው ይችላል። የተቆረጠ የሚመስል የኤሌክትሪክ መስመር ኃይል ሊኖረው ስለሚችል መቋረጡን የኤሌክትሪክ አገልግሎት ያረጋግጥ። ከአሮጌ ትራንስፎርመር የፈሰሰ ዘይት ፒሲቢ የተባለ መርዝ ሊኖረው ስለሚችል በእጅ አይነካ።

ወፍራም ሶል ጫማ፣ የራስ ቁር፣ ሁለት የእጅ ባትሪ ይያዙ። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ያስታውሱ። ለብቻ አይሂዱ፣ መውጫ ሰዓታችሁን ውጭ ላለ ሰው ንገሩ።

ጥበቃው ፈቃድ አምጣ አለኝ። ድሮንስ ማስነሣት እችላለሁ?
— ከባሕር ዳር

ጥበቃው ሥራውን ነው የሠራው። ከባለንብረቱ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የሚገቡትን ሰዎች ስም የያዘ ማኅተም ያለው ደብዳቤ ያውጡ፣ ግልባጩ ለቀበሌው ይድረስ። ሕንፃው በቅርስነት ተመዝግቦ ከሆነ ጥገናው ራሱ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ፈቃድ ስለሚያስፈልገው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቱ አስቀድሞ ይወቅ። ድሮን ያለ መንግሥት ፈቃድ አይነሣም። ለአብዛኛው ሥራ 5 ወይም 6 ሜትር ዘንግ ላይ የታሰረ ካሜራ ይበቃል፤ ከኤሌክትሪክ ሽቦ ግን ይራቅ።

ፎቶዎቹን እንዴት ላስቀምጥ? ቀኑን በኢትዮጵያ ልጻፍ በፈረንጅ? ሲታደስ ደግሞ «በፊትና በኋላ» ማሳየት እፈልጋለሁ።
— የባህል ጽሕፈት ቤት ባልደረባ፣ ከቢቸና

የካሜራውን ሰዓት በአውሮፓ አቆጣጠር ይተዉት። ካሜራ ጳጉሜንን አያውቅም፣ የስድስት ሰዓት ልዩነቱም ከስልኩ መረጃ ጋር ያጋጨዋል። የፋይሉን ስም ግን በዓመተ ምሕረት በዓመት-ወር-ቀን ቅደም ተከተል ይጻፉ፣ ከዚያ ክፍል፣ ግድግዳና ተራ ቁጥር ይከተል፣ ለምሳሌ «2017-03-12-04-ሐ-007»። ወሩና ቀኑ ሁልጊዜ በሁለት አኃዝ ይሁን፤ ያለዚያ ኮምፒውተሩ ሰኔን (10) ከጥቅምት (2) በፊት ያመጣዋል።

ሦስት ቅጂ ይኑር፦ አንዱ ኮምፒውተር ላይ፣ ሁለተኛው ሃርድ ዲስክ ላይ፣ ሦስተኛው በሌላ ሕንፃ ወይም በሌላ ከተማ። በ1995 ዓ.ም. ሐምሌ የወጣው የኒዥኒ ታጊል (የሩሲያ ከተማ) የኢንዱስትሪ ቅርስ ቻርተር በአንድ ቦታ ላይ ማንኛውም ሥራ ከመከናወኑ በፊት የቦታው ገጽታና ሁኔታ ተመዝግቦ ሕዝብ በሚያገኘው መዝገብ ቤት እንዲቀመጥ ይጠይቃል። እኛ ዘንድ የዞኑ ባህል መምሪያ ወይም በአቅራቢያ ያለው ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት አንድ ቅጂ ቢይዝ ጥሩ ነው። ከንድፉ ጋር ያስረክቡት፤ ንድፍ የሌላቸው ፎቶዎች እንደገና ቦታ የለሽ ይሆናሉ።

ለ«በፊትና በኋላ» ከሁሉም ፎቶዎች 10 ወይም 12 ነጥብ ይምረጡ። የእያንዳንዱን ነጥብ ርቀት ከሁለት ቋሚ ማዕዘኖች በሜትር ይለኩ። የሌንሱን ከፍታ ከወለሉ (150 ሴ.ሜ. ለሁሉም ቢሆን ይቀላል)፣ የሌንሱን ሚሊ ሜትር፣ ሰዓቱንና ወሩን ይጻፉ። የሚለኩባቸው ማዕዘኖች የማይፈርሱ ይሁኑ፤ የውጭ ምሰሶ ወይም ዋና ግድግዳ እንጂ የብሎኬት መከፋፈያ አይሁን። አዲሱ ወለል በንጣፍ 8 ወይም 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ሊል ስለሚችል ቁመቱን ከበሩ ጣራ ወይም ከመስኮቱ ደፍም ጭምር ይለኩ። ሲመለሱ የመጀመሪያውን ፎቶ አትመው ይያዙ፤ የፊተኛው ምሰሶ ከኋለኛው መስኮት ጋር በፎቶው እንደተገናኘ እስኪገናኝ ድረስ ትራይፖዱን ወደ ግራና ቀኝ ያንሸራትቱ፣ ከዚያ ወደ ፊትና ወደ ኋላ።